በጨቅላ ሕፃናት ደም ውስጥ የካርኒቲን መጠንን የሚወስኑ ነገሮች

ካርኒቲን ረጃጅም የስብ አሲዶችን ተሸክሞ ኃይል ወደሚመነጭበት የሕዋስ ክፍል፣ ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ የሚያስገባ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከሥጋ ውስጥ ስለተገኘ ስሙም ሥጋ ከሚለው የላቲን ቃል ተወስዷል። እትብት ሲቆረጥ ከእናት ይመጣ የነበረው ግሉኮስ በቅጽበት ይቋረጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕፃኑ በአብዛኛው ስብ እያቃጠለ ስለሚኖር፣ ካርኒቲን ካነሰው ስቡ እያለም ኃይል ያጣል።

ጉበትና ኩላሊት ካርኒቲንን ላይሲንና ሜታዮኒን ከተባሉ አሚኖ አሲዶች መሥራት ይችላሉ። የጨቅላ ጉበት ግን ለዚህ ገና አልደረሰም፤ የመጨረሻውን እርከን የሚያካሂደው ኢንዛይም አቅሙ ከአዋቂ ጉበት 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሕፃኑ ደም ውስጥ የሚገኘው ካርኒቲን በአመዛኙ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ የተቀበለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው የእናት ድርሻ ነው። ጤነኛ ሴት እንኳ በእርግዝናዋ መጨረሻ የደሟ ካርኒቲን ከቀድሞው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የማትመገብ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ሊያንስ ይችላል። አንዳንዴ ልጁ እንደተወለደ የሚደረግለት የደም ምርመራ ዝቅ ያለ ውጤት ያሳይና ሲጣራ ልጁ ጤነኛ፣ የካርኒቲን እጥረት ሕመም ያለባት እናቲቱ ሆና ትገኛለች፤ ያኔም ዕድሜዋን ሙሉ ሳታውቀው የኖረችው ሕመም ይገለጥላታል። ለዚህ ነው ዝቅተኛ ውጤት ሲመጣ የእናት ደም አብሮ መታየት ያለበት።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሲወለዱ የደማቸው ካርኒቲን ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱት ላያንስ፣ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። በጡንቻቸው ያጠራቀሙት ግን ትንሽ ነው፤ ኩላሊታቸውም ካርኒቲንን ከሽንት መልሶ ለመያዝ ገና ደካማ ነው። ካርኒቲን ባልተጨመረበት፣ በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ላይ ሲቆዩ መጠኑ በቶሎ ይወርዳል። የጡት ወተት ካርኒቲን አለው፤ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ የሕፃናት ወተት ግን ካልተጨመረበት በቀር የለውም ማለት ይቻላል።

መድኃኒትም ድርሻ አለው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ ካርኒቲንን ይቀንሳል። ፒቫሊክ አሲድ የያዙ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ከካርኒቲን ጋር ተጣብቀው በሽንት ይዘውት ይወጣሉ። ምርመራው ውህዶችን የሚለየው በክብደታቸው ነው፤ የሚፈጠረው ውህድ ክብደቱ አይሶቫሌሪክ አሲዲሚያ የተባለውን በዘር የሚመጣ በሽታ ከሚጠቁመው ውህድ ጋር እኩል ስለሆነ፣ እናት በወሊድ ሰሞን የወሰደችው መድኃኒት ልጁን በሌለበት በሽታ ሊያስጠረጥረው ይችላል።

በዘር ከሚመጡት መንስኤዎች ዋነኛው በኤስኤልሲ22ኤ5 ጂን ጉድለት የሚከሰተው የካርኒቲን እጥረት ነው። ካርኒቲንን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ፕሮቲን ስለማይሠራ በሽንት ይባክናል፤ በተለምዶ ከ25 እስከ 50 ማይክሮሞል በሊትር የሚሆነው ነፃ ካርኒቲን (ከስብ አሲድ ጋር ያልተያያዘው) ከ5 በታች ይወርዳል። ካልታከመ የልብ ጡንቻን ያዳክማል፣ የደም ስኳርን ያወርዳል፣ ድንገተኛ ሞትንም ያስከትላል። በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ከ300 ሰው አንዱን ገደማ ያገኛል። ሕክምናው የሚዋጥ ካርኒቲን መሆኑ ደግሞ ቶሎ መታወቁን እጅግ አስፈላጊ ያደርገዋል። ፕሮፒዮኒክና ሚታይልማሎኒክ አሲዲሚያ የተባሉት በዘር የሚመጡ በሽታዎችም ካርኒቲንን ይቀንሳሉ፤ የስብ አሲድን ከካርኒቲን ጋር የሚያያይዘው የሲፒቲ1ኤ ኢንዛይም ጉድለት ግን በተቃራኒው ነፃ ካርኒቲንን ከፍ ያደርጋል።

ናሙናው የሚወሰደው የሕፃኑን ተረከዝ ወጋ አድርጎ ጥቂት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ በማሳረፍ ነው። በጣም ቀድሞ ከተወሰደ ከእናት የተረፈው ካርኒቲን የልጁን እጥረት ሊሸፍን ይችላል። ወረቀቱ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ከቆየም ከስብ አሲድ ጋር የተያያዘው ካርኒቲን እየተላቀቀ ነፃው ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል፤ መታከም የነበረበት ልጅም ጤነኛ ተብሎ ያልፋል።