የሳንባ ነቀርሳ፦ የሰውነት መከላከያና አዳዲስ ሕክምናዎች ከወሎ አንጻር

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በወሎ ሳል ሲሰነብት ቀድሞ የሚወቀሰው ብርድ ነው። ጠበል የሚገባውም፣ ወዳጃ (የጸሎት ስብሰባ) የሚቀመጠውም አክታውን ሳያስመረምር ይቆያል። በአንገት ላይ የሚወጣው ንፍፊትም ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳል ላይኖር ስለሚችል የሚጠረጥረው ጥቂት ነው።

ባክቴሪያው ሳንባ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፤ እሱ ግን የሚፈጭበትን መንገድ አግዶ እዚያው ይራባል። ቆይተው ሲዲ4 ቲ-ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሱና ኢንተርፌሮን ጋማ በተባለ ንጥረ ነገር ማክሮፋጆቹን ያነቃቃሉ። ከዚያ ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን ከበው ግራኑሎማ ይሠራሉ። ግራኑሎማ ሰውየውን ያድናል፤ ባክቴሪያውንም ይሸሽጋል። ውስጡ የሞተ ሥጋ ሲጠራቀም መድኃኒት በቀላሉ አይደርስም፤ መራባት ያቆመ ባክቴሪያ ደግሞ ለመድኃኒት ቶሎ አይበገርም። ሕክምናው ስድስት ወር የሚፈጀው በዋናነት በዚህ ነው፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት።

ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ናቸው። ኤችአይቪ ሲዲ4ን ሲያጠፋ ግን የግራኑሎማው አጥር ይፈርሳል። የሰውነት መከላከያው የተጋነነ ቁጣም ይጎዳል፤ ለማጅራት ገትር ቲቢ ከመድኃኒቱ ጋር ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

በተግባር የሚከብደው ጊዜው ነው። ከደላንታ ወይም ከመቄት ገደል ወጥቶ ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ገበሬ ሁለት ወር ሲሞላው ሳሉ ይተወዋል፣ ይበረታል፣ አዝመራው ይደርሳል፤ «ተሻለኝ» ብሎ ያቆማል። ሽንቱ እንደ ብርቱካን መቅላቱም የሚያስደነግጠው አለ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ አይጎዳም። በተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይፈጠራል፤ ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው፣ ይህን ያክማል። የሁለቱ በሽታዎች ባክቴሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው።

ለተላመደው ቲቢ ድሮ የሚሰጠው ሕክምና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይወስድ ነበር፤ ከመርፌዎቹ መካከል ጆሮ የሚያደነቁሩ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን በአንድነት የሚዋጡበትን የስድስት ወር ሕክምና መክሯል። ሊኔዞሊድ ነርቭንና ደምን ስለሚጎዳ ክትትል ይፈልጋል። መድኃኒት ላልተላመደው ቲቢም ሪፋፔንቲን በተባለ መድኃኒት የሚሰጥ የአራት ወር አማራጭ አለ፤ ባክቴሪያው ገብቶባቸው ላልታመሙ የሚሰጠው የመከላከያ ሕክምና ደግሞ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት የሚዋጥ ሆኗል። በእኔ እምነት ለወሎ ደጋ ከማንኛውም አዲስ ግኝት ይልቅ የሚጠቅመው ይህ የጊዜ ማጠር ነው።

ክትባቱ አሁንም በ1921 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቢሲጂ ነው። ሕፃናትን ከከባድ ቲቢ ይጠብቃል፤ ለአዋቂ ሳንባ ጥበቃው ደካማ ነው። ኤም72 የተባለው አዲስ ክትባት ባክቴሪያው ባለባቸው ነገር ግን ባልታመሙ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ በሽታውን በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ ሰፊው ሙከራ በ2024 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጀምሯል።