የተመዘገበው 40 ነው፤ የታመመውስ?

ሰሞኑን ይቺ ጥያቄ ደጋግማ መጣች። «ጤና ጣቢያው 40 የአባላዘር ታማሚ መዘገበ ማለት በወረዳው የታመመው 40 ሰው ነው?» አይደለም። 40ው በሩን አልፎ የገባው ነው። ጨብጥ የያዘው ወንድ ሽንቱ ሲያቃጥለው ይመጣል፤ ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ያለባት ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስለማይሰማት ቤቷ ናት። ሌላው ደግሞ ሐይቅ ከተማ ላይ ዘመድ እንዳያየው ደሴ ድረስ ሄዶ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቶ ይመለሳል። እሱን ማን ይመዝግበው?

እንበልና ከአራት ታማሚ አንዱ ብቻ ይመጣል። 40 በ4 ሲባዛ 160። ከአስር አንዱ ከሆነ 400። መዝገቡ ያው ነው፣ ግምቱ ግን ሰማይና ምድር! በአገር ደረጃም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ስለዚህ «ከዚህ እስከዚህ» የማይል ግምት ካያችሁ እኔ አላምነውም።

የቂጥኝ ግምት ትንሽ ይሻላል። ነፍሰ ጡሮች ለእርግዝና ክትትል ሲመጡ፣ ምልክት ኖራቸውም አልኖራቸውም ደማቸው ይመረመራል። እሱም ቢሆን ወንዶቹን አያሳይም።

ቁጥሩ ዘንድሮ ጨመረ? አብሽሩ። መጀመሪያ አምና የመመርመሪያ ኪት ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልነበረ የጨመረው በሽታው ሳይሆን ምርመራው ሊሆን ይችላል።