«ኮንጀኒታል» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ የልጁ የሕክምና ካርድ ላይ «ኮንጀኒታል» ተብሎ የተጻፈበት ወላጅ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከማን ወገን መጣ?» ብሎ ነው። ቃሉ ግን የሚገልጸው ችግሩ ሕፃኑ ሲወለድ አብሮት እንደነበረ ብቻ ነው፤ መንስኤውን፣ ክብደቱንም ሆነ መዳን አለመዳኑን አይናገርም።

«ከዘር የወረደ ነው» የሚለው አባባል የተለመደ ቢሆንም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት ያልታከመ ቂጥኝ ካለባት፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሩቤላ የተባለው ሽፍታ የሚያወጣ ተላላፊ በሽታ ከያዛት፣ ልጁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ኮንጀኒታል ይባላል፤ መነሻው ግን ተሕዋስ ነው። ዳውን ሲንድሮም እንኳ ከ21ኛው ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ ከሚይዙት አካላት አንዱ) መብዛት የሚመጣ ሆኖ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ አይወረስም። በአንጻሩ ሀንቲንግተን የተባለው የነርቭ በሽታ በዘር የሚተላለፍ ቢሆንም፣ ምልክቱ በአመዛኙ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚጀምር በመሆኑ በዚህ ስም አይጠራም።

«ሲወለድ ደህና ነበር» የሚለውም መከራከሪያ አያዋጣም። በልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ይዞ የተወለደ ሕፃን ለጥቂት ሳምንታት ጤነኛ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጡት ሲጠባ ቶሎ ቶሎ እየደከመ ያቋርጣል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ክብደትም አይጨምርም፤ ላቡን በድሬዳዋ ሙቀት አሳብቦ ማለፍ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋቱን በእናትየዋ ላይ መጫን ነው። ያልተፈጸመ አምሮት በሕፃን አካል ላይ ምልክት አያስቀርም። ጫት በእርግዝና ጊዜ ከሕፃናት ክብደት ማነስ ጋር ተያይዞ ስለተገኘ መተው ይገባል፤ ይህ ማለት ግን የአንድ ሕፃን ከንፈር ተሰንጥቆ በታየ ቁጥር «ቅማ ነው» ብሎ መፍረድ ይቻላል ማለት አይደለም። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በፅንሱ 28ኛ ቀን ገደማ የሚዘጋ ሲሆን (በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ ጉዳት ይዞ ይወለዳል)፣ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ የሚሰጣቸው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደም ማነስ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ ለመርዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መወሰድ የሚኖርበት ከመፀነስ በፊት ጀምሮ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት ነገሩ ከሠርግ ዝግጅት ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

«አብሮ የተወለደ አይታከምም» ለሚሉ ደግሞ ቆልማማ እግር በቂ መልስ ነው። በፖንሴቲ ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ እየተስተካከለ በጄሶ ይታሰራል፤ ጄሶው በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይቀየራል፣ ብዙዎቹም ሕፃናት የተረከዝ ጅማታቸው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅላቸዋል። ከዚያም በብረት የተያያዘውን ልዩ ጫማ መጀመሪያ ለሦስት ወር ያህል ቀንም ሌሊትም፣ ቀጥሎም እስከ አራት ወይም አምስት ዓመት ዕድሜ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግ ያስፈልጋል። እግሩ ቀና ብሏል ብለው ጫማውን ያለ ሐኪም ፈቃድ የሚያስወልቁ ወላጆች፣ ልጁ እንደገና ከጄሶ እንዲጀምር ሊያስገድዱት ይችላሉ።