በእንስሳት መብት ድርጅቶች የልገሳ አሰባሰብና አወጣጥ ላይ የሚነሱ ትችቶች፤ ከአዳማ ሲታዩ

አዳማ ለረጅም ዘመን የጋሪ ከተማ ነበረች። ባጃጅ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ከያዘ ወዲህ ፈረሱ ወደ ዳር ሰፈሮች ተገፍቷል፤ አህያው ግን ዛሬም ውሃውን፣ እህሉንና ሲሚንቶውን ያመላልሳል። ጀርባው የተላጠ አህያና የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ ለከተማው ሰው ብርቅ አይደለም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ግን ያው ምስል ኪስ ያስፈታል። ለእንስሳት የቆሙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዲህ ባለ ፎቶ ገንዘብ ስለሚሰበስቡ፣ «በፎቶው የመጣው ገንዘብ የት ገባ?» የሚለው የቆየ ጥያቄ አዳማ ላይ ሲነሳ ሎንደን ወይም ኒውዮርክ ላይ ከሚነሳው ይለያል። እዚያ የሚጠይቀው ሰጪው ነው፤ እዚህ መጠየቅ ያለበት ፎቶ የተነሳው ፈረስ ባለቤት ነው፣ እሱን ግን የሚያማክረው የለም።

በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ድርጅቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመብት ወገን የሚባሉት እንስሳ ጭራሽ ለሰው ጥቅም መዋል የለበትም ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ፔታ ከነዚህ ዋነኛው ነው። የደህንነት ወገን የሚባሉት ደግሞ እንስሳው ይሥራ፣ ነገር ግን አይሰቃይ የሚሉ ናቸው። በ1824 ሎንደን ላይ የተቋቋመው አርኤስፒሲኤ፣ በ1923 ለሰሜን አፍሪካ የጭነት እንስሳት የተቋቋመው ስፓና፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው ካይሮ ውስጥ ድንጋይና ጭነት ሲጎትቱ ለኖሩ ፈረሶች በ1934 ሆስፒታል የከፈተው ብሩክ፣ እንዲሁም በ1969 የተጀመረው የእንግሊዙ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ ከዚህኛው ወገን ናቸው። የኋለኞቹ ሦስቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተዋል። አህያ በብዛት በኢትዮጵያ የሚስተካከላት አገር የለምና ይህ አያስገርምም። ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ቢሾፍቱም የመጡት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያ ስለሚገኝ ነው።

ገንዘቡ ሲሰበሰብ

በአሰባሰቡ ላይ የሚነሳው ዋናው ትችት የሚታየው ምስልና የሚሠራው ሥራ አይገናኙም የሚል ነው። የአሜሪካው የእንስሳት ደህንነት ድርጅት ኤኤስፒሲኤ እ.ኤ.አ. በ2007 በቴሌቪዥን ያስነገረው፣ በአሳዛኝ ሙዚቃ የታጀበ የቆሰሉ ውሾችና ድመቶች ማስታወቂያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኝቷል። ከዚያ ወዲህ በዘርፉ ያሉ ብዙዎች ያንን መንገድ ተከተሉ። ሲቢኤስ ኒውስ በ2021 ባወጣው ምርመራ ደግሞ ድርጅቱ ከ2008 ጀምሮ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ለየአካባቢው የእንስሳት መጠለያዎች በድጎማ የሰጠው 146 ሚሊዮን፣ ማለትም ወደ 7 በመቶ የሚሆነውን ብቻ መሆኑን አሳየ። ድርጅቱ የመጠለያዎቹ ጠቅላይ ጽሕፈት ቤት ሆኖ እንደማያውቅና ሌላ ብዙ ሥራ እንዳለው መለሰ። መልሱ ሐሰት አይደለም። ማስታወቂያውን አይቶ በየወሩ የሚከፍለው ሰው ግን ገንዘቡ በሰፈሩ ላለው መጠለያ የሚደርስ ነበር የመሰለው፤ ያንን ግምት ለማረም ድርጅቱ የቸኮለበት ምልክት የለም።

በ1954 በተቋቋመው የአሜሪካ ሂዩሜን ሶሳይቲ ላይም ተመሳሳይ ቅሬታ ለዓመታት ሲነሳ ኖሯል። በየከተማው «ሂዩሜን ሶሳይቲ» የሚባሉ ከሱ ጋር የማይገናኙ መጠለያዎች ስላሉ ሕዝቡ ለነዚያ የሰጠ እየመሰለው ለብሔራዊው ድርጅት ይሰጥ ነበር። ድርጅቱ በ2025 ስሙን ቀይሯል።

እንግሊዝ ውስጥ የተነሳው ችግር ሌላ ነው። የሰዎች የግል መረጃ አያያዝን የሚቆጣጠረው የመረጃ ኮሚሽነር በታኅሣሥ ወር 2016 (እ.ኤ.አ.) አርኤስፒሲኤን 25,000 ፓውንድ ቀጣ፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ሳያስፈቅድ የለጋሾቹን ሀብት መጠን ሲያስጠና፣ ማን ብዙ ሊሰጥ፣ ማንስ ሊናዘዝ ይችላል እያለ ሲመዝን መገኘቱ ነበር። ኑዛዜ በዚህ ዘርፍ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲናዘዝ ንብረቱ ለልጅ፣ ለዘመድ፣ ካለፈም ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ነው፤ እዚያ ግን ቤቱን ለአህያ ትቶ የሚሞት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ጥናት ዶንኪ ሳንክቹዋሪ በ2006 ያገኘው 20 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከባል ዱላ ለሚሸሹ ሴቶች የቆሙት ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች በድምሩ ካገኙት 17 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ሲያሳይ አገሩ ተንጫጫ። ተቺዎቹ ጥፋቱን በድርጅቱ ላይ ሲያደርጉ፣ ድርጅቱም የሰጪውን ፈቃድ ከማክበር ውጭ ምን አደረግሁ ብሎ ነበር። በበኩሌ ክሱ ወደ ሰጪዎቹ መሄድ ነበረበት ባይ ነኝ፤ እዚህ ላይ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው የደረሰ ይመስለኛል።

አዲሱና ከሁሉ የከፋው መንገድ የማኅበራዊ ሚዲያው ነው። እንስሳ ሆን ተብሎ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል ወይም ይቆስላል፣ ከዚያ «ሲድን» ይቀረጻል፣ በቪዲዮው ግርጌ የገንዘብ መላኪያ አድራሻ ይቀመጣል። ቢቢሲ ኡጋንዳ ውስጥ በምትያና ከተማ ያጋለጠው የውሻ ማዳን ማጭበርበር የዚህ ምሳሌ ነው፤ የቆሰለ ውሻ እዚያ ከዳነ ይልቅ ሳይድን የሚያስገኘው ይበልጣል። ጎፈንድሚ የመሰሉ የታወቁ መሰብሰቢያዎች ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ ስለማይከፍሉ ከአዳማም ሆነ ከሌላ ከተማ የሚነሳ ልመና ባሕር ማዶ ባለ ሰው ስም ይከፈታል፤ የአገር ውስጡ ደግሞ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ቅን ልብ ያላቸው ወጣቶች በኪሳቸው ጭምር ውሻ ያሳክማሉ። ደረሰኝ ግን የለም፤ ደረሰኝ በሌለበት ቅኑን ከአጭበርባሪው የሚለየው የሰውየው ፊት ብቻ ይሆናል።

ሲወጣ

ከአወጣጥ ትችቶች ጎልቶ የሚሰማው ገንዘቡ በፍርድ ቤት ያልቃል የሚለው ነው። አርኤስፒሲኤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሔይትሮፕ የተባለውን የቀበሮ አዳኞች ማኅበር ከስሶ ሲያስቀጣ 326,000 ፓውንድ ገደማ አወጣ፤ ዳኛው ራሳቸው በገንዘቡ መጠን መገረማቸውን ከችሎት ተናገሩ። አሜሪካ ውስጥ የሪንግሊንግ ሰርከስን በዝሆን አያያዝ የከሰሱት ድርጅቶች ዋና ምስክራቸው ከነሱ ገንዘብ ሲቀበል እንደነበር ስለተረጋገጠ ተሸንፈው፣ በአጸፋ ክስ ኤኤስፒሲኤ በ2012 9.3 ሚሊዮን፣ ሂዩሜን ሶሳይቲና ሌሎቹ በ2014 15.75 ሚሊዮን ዶላር ለሰርከሱ ባለቤት ከፍለው ተስማሙ። ለዝሆን ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ዝሆን ለሚያሠራው ድርጅት ካሳ ሆነ ማለት ነው።

በፔታ ላይ የሚነሳው ደግሞ መጠለያውን የሚመለከት ነው። ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ባለው መጠለያው ከሚቀበላቸው እንስሳት አብዛኞቹን በመርፌ እንደሚገድል ለክፍለ ግዛቱ የሚያቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ያሳያል። ድርጅቱ ሌሎች አንቀበልም ያሏቸውን፣ የማይድኑትንና ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ያመጧቸውን ስለምቀበል ነው ይላል። በ2014 ሠራተኞቹ የአንድ ቤተሰብ ውሻ ከግቢ ወስደው በዚያው ቀን መግደላቸው ግን ማስረጃም ክርክርም አላስፈለገውም፤ በ2017 በ49,000 ዶላር እርቅ አለቀ።

አዳማ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ለሻይ ሰዓት መድረስ ይቻላል። ብዙ ሆቴሎቿ የሚተዳደሩት በመንግሥትና በድርጅቶች ሥልጠና ነው፤ ባነር፣ የሻይ ዕረፍት፣ ውሎ አበል፣ የቡድን ፎቶ። ተቺዎች ለተጎዳ አህያ የተሰጠ ፓውንድ ምሳና አበል ሆኖ ያልቃል ይላሉ። በጥሬው ሲታይ ልክ ናቸው። ሆኖም ነገሩን ከበሽታው ተነስቶ ማየት ያስፈልጋል።

የጋሪ ፈረስን በዚህ አካባቢ ከሚጥሉት በሽታዎች አንዱ በፈንገስ የሚመጣው፣ ቆዳ ሥር በሰንሰለት እያበጠ የሚፈነዳው የሊምፍ በሽታ ነው። በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19,000 በላይ የጋሪ ፈረሶች ላይ የተደረገና በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በአማካይ 18.8 በመቶዎቹ እንደተያዙ አሳይቷል፤ ከሁሉ የከፋው ለአዳማ ጎረቤት የሆነችው ሞጆ ስትሆን 39 በመቶ ደርሳለች። በሽታው ከገፋ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም አይሠራም። በመጀመሪያው እብጠት የመጣ ፈረስ ግን በአዮዲን ሊድን ይችላል። ስለዚህ ለፎቶ የሚመቸው፣ ቁስሉ የበዛው ፈረስ፣ ገንዘብ የሚፈጅና የማይድን ነው። ለፎቶ የማይመቸው ሥራ ደግሞ ብዙ ፈረስ ያድናል፤ የልጓምና የኮርቻ ቁስል እንዳይኖር ማለስለስ፣ ቁስለኛውን ከጤነኛው መለየት፣ ባለጋሪው የመጀመሪያዋን እብጠት አይቶ እንዲመጣ ማስተማር። ማስተማር ደግሞ በወጪ ዝርዝር ውስጥ «ሥልጠና» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ችግሩ ማን ይሠለጥናል የሚለው ላይ ነው። ሆቴል አዳራሽ የሚቀመጠው ባለሙያውና የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ነው። ባለጋሪው አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር የዕለት ገቢውን ያጣል፤ ፈረሱም ሠራ አልሠራ ገለባና ፉርሽካ ይፈልጋል። ሥልጠናው ጋሪ መቆሚያው ድረስ ሲሄድ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ በሪፖርት ላይ ግን እንደ አዳራሹ አያምርም።

የሕጉ መቶኛ

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጉዳይ በመቶኛ ለመግራት ሞክሯል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ገደበ፤ ማስፈጸሚያ መመሪያው ሥልጠናና መጓጓዣን የመሳሰሉ ወጪዎችን ወደ አስተዳደር ስላስጠጋ ድርጅቶች ለዓመታት አማረሩ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደ፤ ነገር ግን የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ጋር ያልተያያዘው እንደሆነ ስለሚደነግግ፣ ከፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ሥልጠና፣ ነዳጅና የባለሙያ ደመወዝ ከጣሪያው ውጭ ሆኑ። ለድርጅቶቹ እፎይታ ነው። ለቁጥጥር ግን አንድ ክፍተት ይተዋል፤ አንድ ሥልጠና በአዳማ ሆቴልም ይሁን በጋሪ መቆሚያ ይካሄድ፣ በመቶኛው ውስጥ እኩል «የፕሮጀክት ሥራ» ነው። በውጭ አገርም የድርጅቶች መመዘኛ ተቋማት በመቶኛ ላይ ብቻ መንጠልጠላቸው ይነቀፋል፤ ምክንያቱም የማስታወቂያ ደብዳቤ «ሕዝብን ማስተማር» ተብሎ በፕሮግራም ወጪ ሊመዘገብ ይችላል።

ያልተነሳው ፎቶ

ሌላው ትችት የሚመጣው ከራሱ ከንቅናቄው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው፣ የእንስሳት ድርጅቶችን የሚመዝነው አኒማል ቻሪቲ ኢቫልዩኤተርስ የመሰሉ ድርጅቶች ልገሳው በብዛት ወደ ውሻና ድመት ሲሄድ፣ ከሁሉ በብዛት የሚሰቃዩት የእርባታ እንስሳት ትንሽ እንደሚደርሳቸው ይከራከራሉ። አዳማ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማሳያ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ማድለቢያዎች የቦረና በሬ እያደለቡ በጅቡቲ በኩል ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይልካሉ፤ ሞጆና ቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች አሉ፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአገሪቱ የዶሮ እርባታ ዋና መናኸሪያ ናት። በረሃ አቋርጦ በጭነት መኪና የሚጓዘው በሬ ፎቶ በልመና ደብዳቤ ላይ እምብዛም አይታይም። የአህያ ዓይን ያስለቅሳል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ የታጨቀ ዶሮ ግን ማንንም አያስለቅስም፤ ገንዘብ ሰብሳቢዎችም ይህን ያውቃሉ። ለአገሬው ተመልካች ደግሞ በሬው ከቤተሰብ ገቢ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ጉዳዩ በቀላሉ የሚነካ አይደለም።

በቁጥር የማይያዘው

ለትችቱ ሁሉ ከሚሰጡት መልሶች ጠንካራው ከቢሾፍቱ ይመጣል። ቆዳውን ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት ለማዋል እዚያ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሥራ እንደጀመረ በነዋሪው ተቃውሞ ተዘጋ። ያኔ የሠራው የውጭ ድርጅት ዘመቻ ሳይሆን አህያ ማረድ ነውር ነው የሚለው የሕዝቡ ስሜት ነበር፤ ክሬዲቱን ለራሳቸው የሚያደርጉ ድርጅቶች ማጋነናቸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩን ከከተማ ወደ አህጉር ያደረሰው ዓመታት የፈጀ ጥናት፣ ጉዞ፣ ስብሰባና ሎቢ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ሲወስኑ፣ ከዚያ በፊት የወጣው የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ሒሳብ በየድርጅቱ መዝገብ ላይ «አንድም አህያ ያልታከመበት» ወጪ ሆኖ ተመዝግቧል።

የድርጅቶቹን መዝገብ ማየት የሚፈልግ አንባቢ መንገዱ ክፍት ነው። የእንግሊዞቹ ዓመታዊ ሒሳብ በበጎ አድራጎት ኮሚሽናቸው ድረ ገጽ፣ የአሜሪካኖቹ 990 የተባለው የግብር ቅጽ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሥራ አስኪያጆቹ ደመወዝም እዚያው ይገኛል። የኢትዮጵያዎቹ የሥራና የኦዲት ሪፖርታቸውን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባሉ። ሰነዱን የሚከፍት ሰው ከመቶኛው ይልቅ በልመናው ደብዳቤ ላይ የታየው እንስሳ በየትኛው የወጪ መስመር እንደሚገኝ ቢፈልግ ይሻላል። የአዳማ ጋሪ በባጃጅ ሲተካ ከሥራ የወጡት ፈረሶች፣ ብዙዎቹ መንገድ ዳር ተለቀው የቀሩት፣ በየትኛው መስመር እንደሚወድቁ ማየትም ይችላል።