ካሜራችሁን ጣና ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት፦ ስለ ውሃ ኬዝ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ካሜራ ይዞ ወደ ጣና የሚወርድ ሰው በዝቷል። አስጎብኚዎች፣ ተማሪዎች፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች፣ ሁሉም የደንገሉን ሥር፣ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ፣ ታንኳውን ከታች ወደ ላይ ማንሳት ይፈልጋሉ። ካሜራቸው ብዙውን ጊዜ ኪስ ውስጥ የሚገባ ኮምፓክት ነው። የሚጠይቁኝ ታዲያ ስለ ኬዙ ነው፤ ካሜራውን ውስጡ ከተው የሚዘጉት፣ ቁልፎቹን ከውጭ የሚጫኑበት ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ልጻፋቸው። አንዱን እኔም አምኜበት ካሜራ አጥቼበታለሁ።

«ሜትሩ በበዛ ቁጥር ኬዙ የተሻለ ነው»

ካርቶኑ ላይ 40 ሜትር፣ 45 ሜትር፣ 60 ሜትር የሚል ቁጥር አለ። ሰው ትልቁን አይቶ ይገዛል። ጣና ግን በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ደግሞ የምናነሳው ከዳር፣ ቢበዛ 2 ሜትር ውሃ ውስጥ ነው። ለዚህ ብሎ 60 ሜትር ፍለጋ ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ዘንገና ሌላ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው ያ ክብ ሐይቅ ከ150 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እዚያ ከእጅ ያመለጠ ካሜራ ምንም ኬዝ ቢለብስ አይመለስም። ለዘንገና መጀመሪያ ግዙ የምለው የእጅ ማሰሪያና ተንሳፋፊ ነው።

ሰው የማይጠብቀው ነገር ሌላ ነው። ኬዝ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያስገባው ጥልቀት ላይ ሳይሆን ገና ውሃው ውስጥ እንደገባ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። 10 ሜትር ላይ ውሃው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ተጨማሪ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። የኬዙ ክዳን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 150 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ክዳኑ ላይ ተጭኖበታል በሉት። ያ ሸክም ክዳኑን ዙሪያውን ካለው ቀለበት ጎማ፣ ኦሪንግ ከሚባለው፣ ጋር ግጥም ያደርገዋል። ግማሽ ሜትር ላይ ግን ሸክሙ 8 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጎማው ላይ ቆሻሻ ካለ ውሃው ሾልኮ የሚገባው ያኔ ነው።

የእኔ ካሜራ የሞተው ወገብ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ነው። ኬዙ 40 ሜትር ይላል። አውጥቼ ስከፍተው ኦሪንጉ ላይ አንድ ነጭ ክር ተጋድሞ አገኘሁ። የጋቢዬ ክር ነበር። ጠዋት ስለበረደኝ ጋቢ እንደለበስኩ፣ ኬዙን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የዘጋሁት። ክሩ ከፀጉር እምብዛም አይወፍርም። ከጎማው አንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ተሻግሮ ተኝቷል፤ ውሃው ክሩን ተከትሎ ገብቷል። ከታች በኩል ሁለት ማንኪያ የሚሆን ውሃ ተጠራቅሞ፣ የካሜራው የባትሪ በር እዚያ ውስጥ ተነክሮ ነበር።

ስለዚህ ከሜትሩ በፊት ጎማውን እዩ። ኦሪንጉ በቀላሉ ወጥቶ ይጸዳል? የሚቀመጥበት ቦይ ጣት ያስገባል? ኬዙ ግልጽ ከሆነ ከተዘጋ በኋላ ኦሪንጉ ዙሪያውን ሳይቋረጥ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል? መለዋወጫ ኦሪንግ ይገኝለታል? የመጨረሻው ጥያቄ እዚህ አገር ላለን ሰዎች ከሁሉም ይከብዳል። ኬዙን ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ፣ ሁለት ትርፍ ኦሪንግ አብሮ እንዲገዛ አደራ በሉት።

«መጠኑ ከተመሳሰለ ለማንኛውም ካሜራ ይሆናል»

አይሆንም። ጠንካራ ኬዝ የሚሠራው ለአንድ ሞዴል ተለክቶ ነው። በኬዙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ ካለው የካሜራ ቁልፍ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። 2 ሚሊ ሜትር ከሳተ ቁልፉ ጎን ላይ ያርፋል፣ ወይም ሳይነኩት ተጭኖ ይቀራል። የካኖን ጂ7 ኤክስን ውሰዱ። የመጀመሪያው የራሱ ኬዝ አለው፤ ማርክ 2 ደግሞ ሌላ። ስማቸው አንድ ነው፣ መልካቸውም ይቀራረባል፣ ኬዛቸው ግን አንድ አይደለም። የሶኒው የአርኤክስ100 ኬዝ ለተከታታይ ሞዴሎች ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለየት ይላል። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ካሜራውን ገልብጡና ከሥር የተጻፈውን ሙሉ ስም ከነቁጥሩ ጻፉ። ለሻጩ «ካኖን ነው» ማለት አይበቃም። ካሜራ ገና ካልገዛችሁ ደግሞ ነገሩን ገልብጡት፦ መጀመሪያ ኬዙ በገበያ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ ካሜራውን ግዙ። የካሜራው ምርት ሲቆም ኬዙም አብሮ ይጠፋል።

«ካሜራዬ ዋተርፕሩፍ ነው፣ ኬዝ ምን ያደርግለታል?»

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ያለ ኬዝ 15 ሜትር ይወርዳል። ከሂሮ5 ጀምሮ ያሉት አብዛኞቹ ጎፕሮዎችም ያለ ኬዝ 10 ሜትር ይችላሉ። እነዚህ ለጣና ዳር ይበቃሉ። ችግሩ ያለው «አይፒ68» የሚለውን የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ አይቶ ስልኩን የሚነክረው ሰው ላይ ነው። ያ ቁጥር የሚሰጠው አዲስ ዕቃ በንጹሕና በረጋ ውሃ ተፈትኖ ነው። አንዴ የወደቀ፣ አንዴ ተከፍቶ የተጠገነ ስልክ ያንን ቁጥር ይዞ አልቀረም። ለጥምቀት ጠበል ርጭትና ለጢስ ዓባይ ፍንጣሪ ከሆነ ግን ተራ ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢትም ይበቃል።

«ግሪስ በደንብ ከተለቀለቀ ውሃ አይገባም፤ ከሌለም ቫዝሊን አለ»

ውሃውን የሚያቆመው ጎማው እንጂ ግሪሱ አይደለም። ግሪሱ ያለው ጎማው ሳይጠማዘዝ ተንሸራትቶ ቦታው እንዲይዝ ነው። ለአንድ ኦሪንግ የምስር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። በሁለት ጣት ዙሪያውን ስታዳርሱት ጎማው ማብለጭለጭ ብቻ አለበት። ነጭ ሆኖ ከታየ በዝቷል። የተረፈ ግሪስ አሸዋና ፀጉር ይሰበስባል፤ የምንፈራውን ነገር እኛው ጋበዝነው ማለት ነው።

ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ነው። አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ሁሉም የሲሊኮን ግሪስም ለሁሉም ጎማ አይሆንም፤ ኦሪንጉ ራሱ ሲሊኮን ከሆነ የሲሊኮን ግሪስ ሊያሳብጠው ይችላል። ከኬዙ ጋር የመጣችውን ትንሽ ቱቦ ጠብቋት፤ ስታልቅም ያንኑ ዓይነት ፈልጉ።

«ሌንሱ ፊት ጉም ካየሁ ኬዙ ውሃ አስገብቷል»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ባሕር ዳር ሞቃትና እርጥብ ናት። ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ኬዙን ስትዘጉ ያንን አየር አብራችሁ ዘጋችሁበት። ካሜራው ሲሠራ ይሞቃል፣ ውሃው መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ኬዙን ቤት ውስጥ፣ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ዝጉት፤ ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት። ሌንሱን በማይጋርድበት ጥግ አንድ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምሩ፤ ያቺ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ። የፕላስቲክ ኬዝ ከአሉሚኒየሙ ይልቅ ለጉም ይቀርባል፤ አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ወደ ውሃው ያስወጣል። ዋጋው ግን አይቀመስም።

«ውሃው ድፍርስ ከሆነ ፍላሽ ማብራት ነው»

በክረምት በደብረ ማርቆስ መንገድ ጉም ውስጥ የነዳ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ረጅሙን መብራት ስታበሩ መንገዱ ይጠፋል፤ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ጣናም እንዲሁ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ በክረምት የሚያመጡት ደለል ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል። የኮምፓክት ፍላሽ ደግሞ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ ደለሉን መትቶ ቀጥታ ይመለሳል፤ ፎቶው በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ዙምም አያድናችሁም፤ በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ደለል ያው ነው። ፍላሹን አጥፉት፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አስፉት፣ በጣም ተጠጉ። በበጋ፣ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ሞክሩ።

እንዴት እንጠጋ ካላችሁ፣ ኬዝ ስትመርጡ ሥሩ ላይ የትራይፖድ ብሎን ቀዳዳ ይኑረው። ይህን ማንም አይጠይቅም፣ ለእኔ ግን ከሜትሩ ቁጥር ይበልጣል። ኬዙን እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ ከጀልባ ላይ ሆናችሁ ታጠልቁታላችሁ፤ ካሜራው በየጥቂት ሰኮንዱ ራሱ እንዲያነሳ ይደረጋል። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ለፎቶ ብላችሁ ውሃው ውስጥ አትቁሙ።

«ጣና ጨው የለውም፣ መታጠብ አያስፈልገውም»

ጨው ባይኖረውም ደለል አለው። ኬዙን ሳትከፍቱት ንጹሕ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። የቁልፎቹ ዘንግም የራሱ ትንሽ ኦሪንግ አለው፤ ጭቃው እዚያ ከደረቀ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል።

«ዘግቼ ብይዘው ይሻላል፣ አቧራ አይገባም»

ከአዲስ አበባ በደጀን ለምትመጡ ይህ ይመለከታችኋል። የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ኬዙን ከላይ ዘግታችሁ ከወረዳችሁ የውጭው አየር ክዳኑን ይጫነዋል፣ መክፈቻው አሻፈረኝ ይላል። ከታች ዘግታችሁ ከወጣችሁ ደግሞ የውስጡ አየር ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ኬዙን ክፍት አድርጋችሁ፣ ኦሪንጉን አውጥታችሁ በንጹሕ ፌስታል ያዙት። ቤት ስታስቀምጡትም እንዲሁ፤ ለወራት ተጭኖ የኖረ ጎማ ይጠፈጠፋል።

አዲስ ኬዝ ሲመጣ ካሜራውን ወዲያው አትክተቱበት። ባዶውን ኬዝ አንድ ቅጠል ሶፍት አስገብታችሁ ዝጉት። ባልዲ ውስጥ ክብደት ጭናችሁበት ለግማሽ ሰዓት አስምጡት፤ ቁልፎቹን ሁሉ ውሃ ውስጥ እያለ ተጫኑ። አውጡት፣ ከውጭ በደንብ አድርቁት፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ክፈቱት። ሶፍቱ አንድ ጥግ ላይ እንኳ ከረጠበ ኦሪንጉን አውጥታችሁ በብርሃን አዙራችሁ እዩት።