ዲጂታል የዐውደ ርእይ መድረኮች በዩኒቨርሲቲ ትምህርት

ዲጂታል የዐውደ ርእይ መድረክ ፎቶግራፎችን፣ ደብዳቤዎችን፣ ካርታዎችንና የድምፅ ቅጂዎችን ከነመግለጫቸው መዝግቦ ለመያዝና በማብራሪያ ጽሑፍ አያይዞ በድረ ገጽ ለዕይታ ለማቅረብ የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። በዩኒቨርሲቲዎች በተለይ የታሪክና የሥነ ጥበብ መምህራን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ በሚሰጠው የጽሑፍ ሥራ ፈንታ ወይም በተጨማሪነት ተማሪዎቻቸውን ያሠሩበታል።

ከእነዚህ መድረኮች በሰፊው የሚታወቀው ኦሜካ ነው። ስሙ ከስዋሂሊ የተወሰደ ሲሆን ዕቃን ዘርግቶ ማሳየት የሚል ትርጉም አለው። መነሻው ሮይ ሮዘንዝዋይግ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የታሪክና የአዲስ ሚዲያ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከዚያ ቀደም የሴፕቴምበር 11 ጥቃትን የሚመለከቱ የተራ ሰዎችን ትውስታዎች በኢንተርኔት አሰባስቦ ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን ስብስብ ማደራጀት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በተግባር ያውቀው ነበር። ኦሜካ በ2008 ለሕዝብ ሲቀርብ ሮዘንዝዋይግ በሕይወት አልነበረም፤ ያረፈው በ2007 ነው። በ2010 የተጀመረው የኦሜካ የኢንተርኔት አገልግሎት የራሱ ሰርቨር (ድረ ገጽ የሚያኖር ኮምፒውተር) የሌለው መምህር እንኳ ክፍሉን ይዞ እንዲገባበት አስችሏል። በ2017 የወጣው ኦሜካ ኤስ ደግሞ በአንድ ተከላ ብዙ ድረ ገጾችን ያስተዳድራል።

ከኦሜካ ሌላ፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ስካላር የተባለ መድረክ ለረጅም ትረካ ይመረጣል። በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረው ኮሌክሽንቢልደር ያለ ዳታቤዝ፣ ከሰንጠረዥ ፋይል ተነሥቶ ድረ ገጽ ያወጣል።

የትምህርቱ እምብርት ግን ከገጹ ውበት ይልቅ የመግለጫው ቅጽ ነው። ኦሜካ የሚጠቀምበት ደብሊን ኮር የተባለው የመግለጫ አጻጻፍ መለኪያ አሥራ አምስት መሠረታዊ መስኮች (የሚሞሉ ቦታዎች) አሉት፤ ርእስ፣ ፈጣሪ፣ ቀን፣ ምንጭና መብት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ የተሰጠው ተማሪ «ፈጣሪ» ከሚለው መስክ ሲደርስ ካሜራ የያዘውን፣ ሥራውን ያዘዘውን ወይስ በስካነር የገለበጠውን ሰው እንደሚጽፍ መወሰን አለበት። «ቀን» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ ፎቶው የተነሣበት፣ የታጠበበት ወይስ ዲጂታል የሆነበት? ፎቶውን ገልብጦ በጀርባው በእርሳስ የተጻፈውን ያነበበ ተማሪ ግማሹን መልስ ያገኛል፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ስካን አድርጎ የመጣው ግን ወደ መዝገብ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ጥንቃቄ በንግግር ብቻ ማስተማር የሚቻል አይመስልም።

የተማሪዎች ሥራ በስማቸው ለሕዝብ ክፍት መሆን ይገባዋል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች አንባቢ እንዳለ ማወቅ ጥራትን ያሻሽላል ይላሉ፤ ሌሎች ለጀማሪ ስሕተቱ ለዘለቄታው ተሰቅሎ መቅረቱ ከባድ ነው ባይ ናቸው። በስምምነት በብዕር ስም ማውጣት፣ ወይም ገጹን ለክፍሉ ብቻ መክፈት አማካይ መንገድ ነው። የቅጂ መብት ጉዳይ ግን አያከራክርም፦ ባለመብቱ ያልፈቀደውን ምስል ለትምህርት ነው ብሎ ለዓለም መስቀል የተፈቀደ ነው ብሎ መገመት አይገባም።

ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ሶፍትዌሩን የሚያድስ ሰው ከሌለ ድረ ገጹ ውሎ አድሮ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዐውደ ርእዩ ከመዘጋቱ በፊት መግለጫዎቹን በሰንጠረዥ ፋይል ያወጣሉ፤ ዋናዎቹን ምስሎችም በተመሳሳይ መለያ ቁጥር ሰይመው በቤተ መጻሕፍቱ ማከማቻ ያኖራሉ።