የጎንደር ቤት መጋረጃ፦ ብረቱ፣ ቀለበቱና ዘርፉ

ጎንደር ላይ መጋረጃ ማሰፋት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ጨርቁን ነው። ቅዳሜ ገበያ ይወረዳል፣ ጨርቁ ይዳሰሳል፣ ወደ ብርሃን ወጣ ተደርጎ ይታያል፣ ዋጋው ላይ ግማሽ ሰዓት ክርክር ይደረጋል። ብረቱስ? «እሱን መጨረሻ ላይ እንገዛዋለን» ይባላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገንዘቡ አልቋል። ስለዚህ ያን የመሰለ ከፋይ ቀጭን ቧንቧ ላይ ይንጠለጠልና በወሩ መሐሉ ይጎብጣል።

ከዕቃዎቹ እንጀምር። አንድ መስኮት ብረት፣ ብረቱን ግድግዳ ላይ የሚያቆም መያዣ፣ ቀለበትና የጎን ማሰሪያ ይፈልጋል። ሁለቱ ጫፎች ላይ የሚሰካ ጌጥም አለ። ኳስ፣ ቅጠል፣ የጦር ጫፍ የሚመስል፣ አንዳንዱ እንደ አልማዝ የተቆረጠ ፕላስቲክ ነው። ጫፉ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ቀለበት ሾልኮ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ሰው ግን ሲጠፋበት አይተካውም፣ ከዚያ መጋረጃውን በሳብ ቁጥር ቀለበት ከሶፋ ሥር ይለቅማል። በነገራችን ላይ ከሁሉም የቆየው ዘዴ ሁለት ሚስማርና ሲባጎ ነው። የበር መጋረጃ ላይ ዛሬም አለ፣ ለስስ ጨርቅ ደግሞ ምንም አይለው።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብረቱ የሚገዛው በመስኮቱ ስፋት ልክ አይደለም። በግራም በቀኝም ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት፣ አለዚያ መጋረጃው ሲከፈት የመስታወቱን ግማሽ ይዞ ይቀመጣል፣ ቤቱም ይጨልማል። ከመስኮቱ በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ክፍሉ ረዘም ያለ ይመስላል። ጨርቁ የብረቱን ርዝመት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ቢል እጥፋቱ ይሞላል። ከዚያ ካነሰ አንሶላ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ቀለበቱ ጨርቁ ላይ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሙሉ ይሁን፦ 8፣ 10፣ 12። ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ጫፍ ወደ ግድግዳ ሲዞር ሌላው ወደ ሰው ዞሮ ይቀራል። ልብስ ሰፊው ይህን ካላወቀ ሌላ ልብስ ሰፊ ይፈለግ።

ጎንደር ውስጥ ግን ዋናው አለቃ ግድግዳው ነው። ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም፣ ፒያሳ አካባቢ የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ የድንጋይ ቤት አለ፤ ብሎኬት አለ፤ የጭቃ ቤትም ሞልቷል። ድንጋዩ ላይ ተራ ትራፓኖ አይገባም፣ እየመታ የሚበሳው ያስፈልጋል። አንዴ ከገባ ግን ፊሸሩ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ዕድሜ ልክ ይይዛል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እዚያ የሚሻለው ከመስኮቱ በላይ ያለውን ኮንክሪት ፈልጎ መብሳት ነው። ጭቃው ላይ ደግሞ ፊሸር የሚባል ነገር እርሱት። ግድግዳውን በጣት አንጓ እያንኳኩ መሄድ ነው፤ ድምፁ ድፍን ሲል እንጨቱ እዚያ አለ ማለት ነው። ሁለት ቋሚ እንጨት ይገኝና ጣውላ በአግድም ይመታባቸዋል፣ ጣውላው የግድግዳውን ቀለም ይቀባል፣ መያዣው እሱ ላይ በብሎን ይታሰራል። ከሩቅ አይታይም፣ ፍንክችም አይልም።

ይህን የተማርኩት በክፉ ቀን ነው። እህቴ ቤት የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ እንግዳ ሞልቶ ቡና ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። አዲስ የተሰቀለው ከፋይ መጋረጃ ከነብረቱ መጣና ረከቦቱ ላይ አረፈ። አራት ሲኒ ሄደ። ጀበናዋ በተአምር ተረፈች። በኋላ ስናየው 3 ሜትር ብረት በሁለት መያዣ ብቻ፣ ያውም ጭቃው ላይ በሚስማር ነበር የተያዘው። ሠሪው ለበዓል ሊያደርስ ሲጣደፍ ነው። ብረቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ መሐል ላይ ሦስተኛ መያዣ ግድ ነው፣ ለከፋይማ ይልቁንም።

ወደ ጌጡ ስንመጣ ጎንደር የቆየ ታሪክ አላት። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የሐር መጋረጃ አለ፤ ጎንደር ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን እንደተሠራ ይታመናል። በ1860 ዓ.ም እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው ከወሰዷቸው ቅርሶች አንዱ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ነገሥታትና ካህናት ይታዩበታል። የሚገርመው ጌጡ በኋላ የተሰፋበት አለመሆኑ ነው። ምስሎቹ ከክሩ ጋር አብረው ተሸምነዋል። ዛሬ ሙጫ እየቀባ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ የሚለጥፍ ሰው ቢያየው ጥሩ ነበር።

የዛሬው ጌጥ ዘርፍ፣ ዳንቴል፣ ዶቃ፣ ወርቃማ ገመድና ጥለት ነው። ለእኔ ከሁሉም ጥለት ይበልጣል። የነጠላ ጥለት የመሰለ ስፋቱ አራት ጣት የሚሆን ጥበብ ከሸማኔ ገዝቶ በመጋረጃው ግርጌ ማስሰፋት ሳሎኑን ወዲያው የአገር ቤት ያደርገዋል። ወጥመድ ግን አለው። ጥለቱ ጥጥ ነው፣ መጋረጃው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር። መጀመሪያ ሲታጠብ ጥጡ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል፣ ግርጌው እንደ ተኮማተረ ግንባር ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥለቱን ከመሰፋቱ በፊት አጥቦ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ መስጠት።

ዘርፍ የጎን ማሰሪያ ላይ ያምራል። ማሰሪያው ከወለሉ አንድ ሜትር አካባቢ ላይ ቢሆን ጨርቁ ወገብ ያወጣል። ዶቃ ልጅ ያለበት ቤት አይመከርም፤ በሳምንቱ ግማሹ ኪስ ውስጥ ነው። ከላይ የሚደረበው አጭር መጋረጃ ደግሞ፣ ወዳጆቹ ይቅር ይበሉኝና፣ ዋና ሥራው አቧራ መያዝ ነው። ወርቃማ ብረት፣ ወርቃማ ዘርፍ፣ ወርቃማ ጫፍ፣ ወርቃማ ማሰሪያ አንድ ላይ ከመጡማ ሳሎኑ የሠርግ አዳራሽ ሆነ ማለት ነው። አንዱ ይብቃ።

ፀሐዩንም አትርሱ። ጎንደር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ በበጋ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ በተለይ ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮት ላይ ቀይና ወይን ጠጅ አይቆይም። ገበር ይደረግለት። ገበር ሲገባ ደግሞ ክብደት ይጨምራል፣ ብረቱም አብሮ ይወፍራል። በክረምት እርጥበት ስለሚበዛ ርካሹ የተነከረ ብረት ከቀለበቱ ሥር ዝገት ይጀምርና ነጩ ስስ መጋረጃ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። እሱን ነጥብ በረኪናም አያስለቅቀውም።

ሲታጠብ ቀለበቱ ከነመንጠቆው ይወጣል። እናቴ ቆጥራ ፌስታል ውስጥ ታስርና የየትኛው ክፍል እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋ ትከታለች። ያም ሆኖ ስትመልሰው ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል።